የመጠን ቅናሽ ሲቀርብ ምን ያህል እንዘዝ?

እንደ ላሊበላና ወገል ጤና ባሉ ከደሴ በራቁ የወሎ ደጋማ ሥፍራዎች ለሚገኝ የጤና ተቋም እያንዳንዱ የግዥ ጉዞ የነዳጅና የውሎ አበል ወጪ አለው። አቅራቢው ብዙ ለሚገዛ ዋጋ እንደሚቀንስ ሲገልጽ ሐሳቡ የሚማርከው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ ለሌላው መግዣ አይውልም፤ መደርደሪያው በጓንት ሞልቶ ሳለ ለወላዷ ኦክሲቶሲን ሊታጣ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በውስጥ ገቢ በሚፈጸም ግዥ ቅናሹ መቼ እንደሚጠቅም ማሳየት ነው።

ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው ቀመር ሁለት ተቃራኒ ወጪዎችን ያመዛዝናል፤ እነርሱም የማዘዣና የማከማቻ ወጪዎች ናቸው። የዓመቱ ፍጆታ በአንድ ትእዛዝ ወጪና በ2 ተባዝቶ ለአንድ ዕቃ ዓመታዊ የማከማቻ ወጪ ይካፈላል፤ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ተስማሚው የትእዛዝ መጠን ነው።

ለምሳሌ ያህል በዓመት 1,000 ፓኬት ጓንት የሚጠቀም ሆስፒታል እንውሰድ። የአንዱ ዋጋ 200 ብር፣ የአንድ ትእዛዝ ወጪ 3,200 ብር፣ ዓመታዊ የማከማቻ ወጪው የዋጋው 20 በመቶ ቢሆን ተስማሚው መጠን 400 ፓኬት ነው። ግዥ፣ ማዘዣና ማከማቻ ተደምረው በዓመት 216,000 ብር ይሆናሉ። አቅራቢው ከ800 ፓኬት ጀምሮ በ190 ብር፣ ከ2,000 ጀምሮ ደግሞ በ185 ብር ቢያቀርብስ? በሁለቱም ዋጋዎች ቀመሩ የሚሰጠው መጠን ከ420 ስለማይበልጥ ቅናሹን አያስገኝም። በመሆኑም ጠቅላላ ወጪው ቅናሹ በሚጀምርበት መጠን ላይ ይሰላል። ለ800 ፓኬት 209,200 ብር፣ ለ2,000 ፓኬት 223,600 ብር ይመጣል። የመጀመሪያው ቅናሽ 6,800 ብር ሲያተርፍ ሁለተኛው ያለ ቅናሽ ከመግዛት ይልቅ 7,600 ብር ያከስራል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ 800 ፓኬት ከ9 ወር በላይ የሚያገለግል መሆኑ ነው። ዕቃው ጓንት ሳይሆን ፍጆታውና ዋጋው ተመሳሳይ የሆነ፣ የአገልግሎት ጊዜው በ6 ወር የሚያበቃ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ 300ው ይወገድ ነበር፤ ይህም የ57,000 ብር ኪሳራ ነው። እንደ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ላለበት መድኃኒት ደግሞ የማቀዝቀዣው ስፋት ሌላ ገደብ ነው። በአገራችን የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ለሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር ፍጆታ እንዲሆን የተወሰነውም እንዲህ ያለውን ብክነት ለመከላከል ነው።

ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ፍጆታው ከቢን ካርድ ይውጣ፤ ዕቃው ያልነበረባቸው ቀናት ካልተቀነሱ ፍጆታው ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። ከዚያም የአገልግሎት ጊዜውና የማከማቻው ቦታ ይታዩ። ቅናሹ የሚጠይቀው መጠን ከነዚህ ገደቦች ካለፈ፣ ለጠቅላላው መጠን ውል ገብቶ ዕቃውን በየጊዜው ከፋፍሎ መረከብ፣ ወይም ከአጎራባች ጤና ጣቢያዎች ጋር በጋራ መግዛት ይቻላል። ይህ ካልተቻለ ቅናሹን መተው ይገባል።