ካሚዮን የቈጠሩ ጐረቤታሞች

ውድ አንባቢ፥ ጭነት በዝቶበት ዳገት ከሚወጣ ካሚዮን ኋላ መሄድ ሳይደርስብዎ አልቀረም። መሐረብዎን በአፍንጫዎ ላይ አድርገው፥ ጥቁሩ ጢስ እስኪበተን ድረስ ትንፋሽዎን ገታ አድርገው ይሆናል። ጢሱ ከዓይን ይሰወራል፤ ከሳንባ ግን በቶሎ አይወጣም። ለመሆኑ ይህ ጢስ ምንድን ነው? የሚያስቆመውስ ማን ነው? መንግሥት ነውን፥ ባለመኪናው ነውን፥ ወይስ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ሰው በሩቅ አገር የሚገኝ አንድ የሠራተኞች ሠፈር ያደረገውን ቢመለከት ይጠቀማል።

ጢሱ ከየት ይመጣል

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በስሙ የተጠራውን ሞተር በአውግስቡርግ ከተማ አሠርቶ፥ በሚገባ መሥራቱን ያስመሰከረው በ1897 ነው። (በውጭ አገር ስለ ተደረገው ነገር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩን በሲሊንደር ውስጥ አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በዚህ ግለት ውስጥ ናፍጣው እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ በራሱ ይነዳል።

የተረጨው ናፍጣ ከአየሩ ጋራ በደንብ ከተዋሐደ አብዛኛው ይቃጠላል። የመርጫው ቀዳዳ ከቈሸሸ፥ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ፥ ወይም ጭነቱ ከልክ ካለፈ ግን ናፍጣው የሚበቃውን አየር ስለማያገኝ ጥቀርሻ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየርዋ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ሞተርን በጥንቃቄ መያዝ ከቈላው አገር ይልቅ ግድ ይሆናል።

ጥቀርሻው እጅግ ደቃቅ ነው። አንድ ሚሊሜትር በ1,000 ቢከፈል፥ የሰው ጠጕር ውፍረት ከዚያ 70 እጅ ያህል ይሆናል፤ አብዛኛው የናፍጣ ጥቀርሻ ግን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አፍንጫ ሊያጣራው ስለማይችል እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይወርዳል። በ2012፥ በፈረንሳይ አገር በሊዮን የሚገኘው፥ የዓለም ጤና ድርጅት ክፍል የሆነው የካንሰር ምርምር ድርጅት፥ የናፍጣ ሞተር ጢስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በበቂ ማስረጃ መረጋገጡን አስታውቋል።

የዌስት ኦክላንድ ሰዎች

በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ዌስት ኦክላንድ የሚባል ሠፈር አለ። ትልቅ ወደብ፥ የባቡር ግቢና ሰፋፊ የመኪና መንገዶች ዙሪያውን ከበውታል። ኮንቴይነር የሚያመላልሱት ካሚዮኖች በሠፈሩ ውስጥ ለውስጥ ያልፉ፥ ተራቸውን ሲጠብቁም ሞተራቸውን ሳያጠፉ በሰው ቤት ደጃፍ ይቆሙ ነበር። ወደብ ለአገር ሀብት ነው፤ የሀብቱ ጢስ ግን ይወርድ የነበረው በአንድ ሠፈር ልጆች ላይ ነው።

የሠፈሩ ሰዎች ግን መሸነፍን የሚወዱ አልነበሩም። በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፥ ሠፈራቸውን ለሁለት ከፍሎ ይኖር የነበረው ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጐዳና ተደርምሶ 42 ሰዎች ሞቱ። ነዋሪዎቹ መንገዱ ዳግመኛ በሠፈሩ መካከል እንዳይሠራ ተከራክረው፥ ወደ ዳር እንዲዞር አስደረጉ።

በጢሱ ነገር የመረጡት መሣሪያ ደግሞ ቈጠራ ነው። ወይዘሮ ማርጋሬት ጎርደን ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ የሆኑበት የሠፈሩ ማኅበር፥ ፓሲፊክ ኢንስቲትዩት ከተባለ በዚያው ከተማ ከሚገኝ የምርምር ድርጅት ጋራ ተባበረ። ነዋሪዎቹ ጥቂት ትምህርት ተቀብለው፥ ደብተርና እርሳስ ይዘው በየመንገዱ ማዕዘን ቆሙ። ስንት ካሚዮን እንደሚያልፍ፥ ስንቱ ሞተሩን ሳያጠፋ እንደሚቆም ጻፉ። ውጤቱ በ2003 ታትሞ ወጣ።

ውድ አንባቢ፥ ይህን ነገር እንደ ቀላል አይዩት። «ጢሱ በዛብን» የሚል ሰው አቤቱታ ያቀርባል፤ «በዚህ መንገድ፥ በዚህ ሰዓት፥ ይህን ያህል ካሚዮን አለፈ» የሚል ሰው ግን ማስረጃ ያቀርባል። አቤቱታን ማሳደር ይቻላል፤ ማስረጃን ግን ወይ መቀበል ወይ ማፍረስ ነው።

ቀጥሎም ማኅበሩ የከተማውን ሹማምንት፥ የወደቡን ሰዎችና የካሚዮን ባለቤቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። ከብዙ ክርክር በኋላ፥ በ2005 የከተማው ምክር ቤት ካሚዮኖች የሚሄዱበትን መንገድ በደንብ ወሰነ። በዚያው ዓመት፥ በካሊፎርኒያ ከባድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይቆም የሚከለክለው ደንብ መሠራት ጀመረ። በ2007 ደግሞ ወይዘሮ ጎርደን ራሳቸው በወደቡ የአስተዳደር ቦርድ አባልነት ተሾሙ። ትናንት ደጅ የሚጠኑበት አዳራሽ ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው ማለት ነው።

የሾፌሩ እንጀራ

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ግን የጢሱ ዕዳ የሚከፈለው በማን ኪስ ነው? በ2010 መጀመሪያ አሮጌ ካሚዮኖች የጢስ ማጣሪያ ካላስገቡ ወደ ወደቡ እንዳይገቡ ተከለከለ። የማጣሪያው ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ፥ አንድ አሮጌ ካሚዮን ብቻ ያላቸው፥ በምልልስ ቍጥር የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የገንዘብ ርዳታ ቢሰጡም ለሁሉም አልበቃም፤ እንጀራቸውን ያጡ ነበሩ፥ ለአቤቱታም ወጡ።

ውጤቱስ? የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ለኩ። ከ2009 መጨረሻ እስከ 2010 አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ካሚዮኖቹ የሚተፉት ጥቁር ጥቀርሻ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ለሕፃናቱ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ድሉ በከፊል በድኻ ሾፌር ጫንቃ ላይ መገኘቱን መሸፈን አይገባም። ሾፌሩ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ጢሱን ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ አብዝቶ የሚተነፍሰው እርሱ ነው። ስለዚህ «ጢስ ይቁም» የሚል ማኅበር ሁሉ «ወጪውን እንዴት እንካፈል?» የሚለውንም አብሮ ማሰብ አለበት።

ለእኛስ?

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሕዝብ ካለቀ ወዲህ፥ የአዲስ አበባ ሰው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻውን በየደጃፉ ያቃጥላል። ዓላማው በሽታን ማባረር ነበር፤ ዛሬ ጢሱ ራሱ በሽታ እንደሚያመጣ እናውቃለን። ቢሆንም ልማዱ አንድ ትልቅ ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም አንድ ከተማ ሙሉ ማንም ሳያስገድደው በአንድ ቀን ለአንድ ሐሳብ መነሣት እንደሚችል ነው። ይህ ኀይል ወደ ጢስ ቅነሳ ቢዞር ምን ያህል በሠራ!

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ነገር ግን አስቀድመው የገቡት መኪናዎች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ እስከዚያው ድረስ የሚደረግ ነገር አለ። አንድ ትልቅ ካሚዮን ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ይበላል፤ ሞተር ማጥፋት ለሳንባም ለኪስም ይበጃል። ዕቁብ የሚጥሉ ሾፌሮች ከዕጣው ጥቂት ቀንሰው የናፍጣ መርጫ ማሳጠቢያና የፊልትሮ መለወጫ ቢያደርጉት፥ ወጪው በአንድ ሰው ላይ አይወድቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዕድሮችም በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ በር ላይ ሞተር ሳይጠፋ እንዳይቆም ከሾፌሮች ጋራ ተነጋግረው ሊስማሙ ይችላሉ።

በበጎ ፈቃድ ብቻ ሁሉ ይፈጸማል ብዬ አልከራከርም። በኦክላንድም የመጨረሻውን በር የከፈተው ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉን የቀደመው ቈጠራው ነው፤ ቈጠራውንም የሠሩት ጐረቤታሞች ናቸው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል ብለው የሚጠይቁኝ ተማሪዎች አሉኝ። እርስዎም ቤት ተማሪ ካለ፥ አንድ ቅዳሜ ጧት ደብተርና እርሳስ አስይዘው ከሠፈርዎ ማዕዘን ከአስተማማኝ ቦታ ላይ አብረው ይቁሙ። ለአንድ ሰዓት ያህል ስንት መኪና ጥቁር ጢስ እየተፋ እንደሚያልፍ ይቍጠሩ። ቍጥሩን ለሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይዘው ይሂዱ፤ ሾፌሮቹንም ወደ ስብሰባው መጥራት አይርሱ።