በልጅዎ ኪስ ውስጥ ሴንጢ ቢያገኙ

ሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ የሚኖሩ እናት ወይም አባት ነዎት እንበል። ልብስ ሊያጥቡ የልጅዎን ሱሪ ኪስ ሲፈትሹ ሴንጢ አገኙ። ቢጠይቁት «ለራሴ መጠበቂያ ነው» አለዎት። ምን ያደርጋሉ?

ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለፖሊስ ብቻ እንተወዋለን። ነገር ግን የሰፈር ቡድን ጠብ የጤና ችግርም ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ በ1996 ዓመጽን ዋነኛ የሕዝብ ጤና ችግር ብሎ ፈርጆታል። እንደ ተላላፊ በሽታም ይዛመታል፤ አንዱ ሲወጋ ጓደኛው ለበቀል ይነሳል፣ ሌላው ደግሞ ከፍርሃት የተነሳ ስለት ይይዛል።

ልጅዎ በተፈጥሮው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል በሃያዎቹ አጋማሽ እስኪደርስ ድረስ እየዳበረ ይሄዳል። የጓደኛ ጭብጨባ፣ ጫትና መጠጥ ሲታከሉበት ደግሞ አንዲት ስድብ ደም ታፋስሳለች።

እነዚህን ምልክቶች ያስተውሉ፦ ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ወይም ስልክ፣ በሰውነት ላይ የሚታይ ሰንበርና ጭረት፣ የቆዩ ጓደኞችን መተው፣ በአንድ ሰፈር ለማለፍ መፍራት። አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሲደራረቡ ግን አይዘግዩ።

ሴንጢውን ካገኙ በቁጣ አይጀምሩ። ዱላና «ዱርዬ» የሚል ስም ልጁን ወደሚፈሩለት ቡድን ይገፋዋል። ረጋ ባለ ሰዓት ብቻውን ያነጋግሩት፤ «ማንን ነው የምትፈራው?» ብለው ይጠይቁት። ስለት የሚይዝ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚፈራ ልጅ ነው። ሴንጢው የሚያስፈራውን ሰው እንደማያስቀርለት፣ ጠብ ሲነሳም ተቀምቶ በራሱ ላይ ሊውል እንደሚችል ያስረዱት። ከዚያም የሚያከብረውን አጎት፣ መምህር ወይም የአፎቻ አባል ያማክሩ። ዛቻ ካለ ለፖሊስ ያሳውቁ።

ይህ ሁሉ ግን በቤተሰብ አቅም ብቻ አይወጣም። የስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ በቡድን ጠብና በስለት ትታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ በ2005 ፖሊስ ከጤና፣ ከትምህርትና ከማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ጋር አብሮ መሥራት ጀመረ። ለወጣቶቹ የቀረበላቸው ምርጫ ግልጽ ነበር፦ ጠቡን ከተዉ ሥልጠናና የሥራ ድጋፍ፣ ካልተዉ ሕግ። በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት በስኮትላንድ የግድያ ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። በአንጻሩ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን እስር ቤት አስጎብኝቶ የማስፈራራት መርሐ ግብር ሲመዘን፣ ጥፋትን ከመቀነስ ይልቅ አባብሶ ተገኝቷል።

በእኛም ከተሞች በመንግሥት በጀት የተሠሩ የወጣቶች ስብዕና ግንባታ ማዕከላት አሉ። አዳራሽና የጠረጴዛ ቴኒስ ብቻቸውን ግን አያድኑም። በሚቀርብዎት ማዕከል ሄደው ይጠይቁ፦ ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሑድ ክፍት ነው? ወጣቶቹን በስም የሚያውቅ ሠራተኛ አለው? ከሙያ ሥልጠናና ከሥራ ጋር ያገናኛል? ሴት ልጆችስ ይጠቀሙበታል? መልሱ «የለም» ከሆነ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ያንሱት፤ በጀቱ የሕዝብ ነው።

ጠብ ተነስቶ አንድ ሰው በስለት ቢወጋ፦
• ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ደም ከጨርቁ ካለፈ ሳያነሱ ሌላ ይደርቡበት።
• የተሰካ ስለት አይንቀሉ፤ ዙሪያውን ይጫኑ።
• ቡና፣ አመድ ወይም አፈር አይነስንሱበት፤ ምግብና መጠጥም አይስጡ።
• ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ፤ ወይም በፍጥነት ወደ ጁገል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያድርሱ።
• ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቢራመድም ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሐኪም ይየው።

በዚያች ሰዓት አንድ ነገር አይርሱ። በቀል የሚዶለተው ብዙ ጊዜ እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው። ጓደኞቹን የሚያረጋጋና ወደ ቤታቸው የሚሸኝ ትልቅ ሰው አብሮ ይሂድ። ያ ሰው ሁለተኛውን ቁስለኛ ሊያድን ይችላል።

ሐረር የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት የተቀበለች፣ ከፈላና በር ውጭ ለጅብ እንኳ እራት የምታቀርብ ከተማ ናት። ከጅብ ጋር በሰላም ያደረች ከተማ ከገዛ ልጆቿ ጋር መነጋገር አያቅታትም። ዛሬ ማታ ልጅዎ ሲገባ «የት ነበርክ?» ከማለትዎ በፊት «እራት በላህ?» ይበሉት፤ ወሬው ከዚያ ይጀምራል።