ወደ መተማ ቆላ ለሚወርድ ቤተ ሰብ የትኛው መኪና ይሻላል?

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ወደ ወደቁባት ወደ መተማ በዚያ ዘመን የወረደ ሁሉ፥ ቤቱን ይዞ ይወርድ ነበር፤ ቤቱም ድንኳን ነበረ። ድንኳኑ ቀን በበቅሎ ይጫናል፤ ማታ ከሰፈር ሲደረስ ይራገፋል። ሸክሟ የተራገፈላት በቅሎ ሌሊት ችግር ቢደርስ መልእክተኛ ይዛ ለመሄድ ነጻ ናት።

በዛሬው ዘመን ይህን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ዓይነት መኪናዎች አሉ። አንደኛው መኝታውና ማድቤቱ ከመኪናው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ሁለተኛው በፒክ አፕ ጀርባ ላይ ተጭኖ የሚሄድ፥ ሲፈለግም በእግሮቹ ቆሞ ከመኪናው የሚላቀቅ ትንሽ ቤት ነው። በቆላ የሰሊጥ እርሻ ያለውና ቤተ ሰቡን ይዞ ከጎንደር የሚወርድ ሰው የትኛውን ይምረጥ?

የፊተኛው ምስጋና ሐሰት አይደለም። ውስጡ ሰፊ ነው፤ ዝናም ሲጥልም ሰው ወደ ውጭ ሳይወጣ ከመቀመጫው ወደ መኝታው ያልፋል። ከአዘዞ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ በሚያደርሰው አውራ ጎዳና ብቻ ለሚመላለስ ሰው መልካም ነው። ነገር ግን እርሻው ከጎዳናው ይርቃል፤ መሬቱም በብዙው ጥቁር መረሬ ነው። ዝናም ሲጠጣ ጎማ ይውጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ በዚያ ላይ ረጅምና ከባድ መኪና ይቸገራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የልጆች ጤና ነው። ሰሊጥ የሚታጨድበት የጥቅምት ወራት ወባ የሚበረታበትም ወራት ነው። ደግሞም ካላዛር የሚባል፥ ካልታከሙት የሚገድል ሕመም በዚያ አገር አለ። እርሱን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ በሌሊት ትነክሳለች፤ በመረሬው ስንጥቅና በግራር ሥር ትገኛለች።

እንግዲህ በእኩለ ሌሊት ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው እንበል። ቤቱ ከመኪናው ጋር አንድ ከሆነ፥ ልጆች ሁሉ ከእንቅልፍ ተቀስቅሰው፥ ዕቃው ታስሮ፥ ቤቱ በሞላው መንቀሳቀስ አለበት፤ ኤሊ ቤቷን ትታ መሮጥ አይሆንላትምና። ቤቱ አስቀድሞ የወረደ እንደ ሆነ ግን፥ አባትና እናት ሕፃኑን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይገሠግሣሉ፤ የቀሩት ልጆች ከአያታቸው ጋር ከአልጋቸው አይነሡም።

ስለዚህ የሚላቀቀውን እንመርጣለን። ይሁን እንጂ ሦስት ነገር ይጠበቅ። መጀመሪያ፥ ክብደቱ ይመዘን። ብዙው ፒክ አፕ የሚችለው ሰዉን ጨምሮ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ነው፤ 100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ፥ መተማ ከ800 ሜትር በታች ስለ ሆኑ፥ ከልክ ያለፈ ጭነት በቁልቁለቱ ፍሬን ያቃጥላል። ሁለተኛ፥ መስኮቱ ዐይኑ እጅግ የጠበበ ወንፊት ይደረግለት፤ አልጋውም አጎበር አይጣ። ሦስተኛ፥ ቤቱ ጀንበር ሳትጠልቅ ከግራርና ከስንጥቅ መሬት ርቆ ይውረድ፤ መኪናው ሲሄድም ማንም ከውስጡ አይቀመጥ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳይጠይቁ ልጅ ይዞ መነሣት እንደማይገባ ለአስተዋይ አንባቢ መንገር አያሻም። ጠይቆ የተነሣ ሰው ግን እንደ አባቶቹ ማታ ማታ ጭነቱን ያራግፍ፤ በቅሎው ነጻ ትደር።