የእግዚአብሔርን ፍቅር በዕለታዊ ኑሮ ስለ ማወቅ

የእግዚአብሔር ፍቅር በምን ይታወቃል ተብለን ብንጠየቅ፥ አብዛኞቻችን የምንጠቅሰው ያልታሰበ ሹመት ያገኘንበትን ወይም ከከባድ ሕመም የዳንበትን ቀን ነው። ይህ ምስጋና የሚገባው መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀን በሰው ዕድሜ ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ፍቅሩን በዚህ ብቻ የሚለካ ሰው የቀረውን ዘመኑን እንደ ተረሳ ሆኖ ይኖራል።

እስቲ የሐዋሳን ሐይቅ እንመልከት። ሐይቁ ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል፤ ከእርሱ ግን በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ፥ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨው ብቻ እየቀረበት ሄዶ ለመጠጥ የማይመች ይሆናል። በስተ ሰሜን ያለው የሻላ ሐይቅ የደረሰበት ይኸው ነው። በሐዋሳ ግን ቆሮሶና አምባዛ ይራቡበታል፤ በአሞራ ገደል አስጋሪዎች ጀልባቸውን ሲያስጠጉ አባ ኮዳ እንኳ ድርሻውን ሳያገኝ አይመለስም። ምክንያቱም፥ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ውሃው ከምድር በታች በስውር እየሰረገ ጨውን ይዞ ስለሚሄድ ነው።

ይህን ስል ሐይቁን ወንጌል ላደርገው አይደለም። ሆኖም የእግዚአብሔር ፍቅር አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሥራው እንጂ መንገዱ አይታይም። በጤና ነቅቶ መነሣት፥ የልጆች ጫጫታ፥ በኀዘን ቀን ሳይጠራ የሚደርስ የዕድር ጎረቤት፥ እነዚህን ማን ይቈጥራቸዋል? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን ስለ ፀሐይና ስለ ዝናም ሲያስተምር፥ ለደጉም ለክፉውም እኩል መታደላቸውን ያሳያል። እኛ ግን እኩል የታደለንን ነገር ስጦታ መሆኑን እንረሳለን፤ ከጎረቤታችን የበለጠ ሲደርሰን ብቻ እንደ ተወደድን ይሰማናል።

እኔ ራሴ ይህን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ሐዋሳ ዛሬ የሲዳማ ክልል መዲና ስለ ሆነች፥ ከገጠር ጉዳይ ይዞ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። አንድ ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን በገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ፥ ልቤ በደስታ ተሞልቶ ወደ ቢሮ ገባሁ። አንዲት አሮጊት ማኅተም የጎደለው ወረቀት ይዘው ቀረቡ። «ነገ ይመለሱ» አልኋቸው። ለማደሪያ ገንዘብ እንዳላቸውም አልጠየቅሁም። ተላላኪያችን ግን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና ወረቀቱን ይዞ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም አስፈጽሞ ተመለሰ። እሳቸውም ተነሥተው፥ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። እኔ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ሆኜ ምርቃቱን ሰማሁ።