ሲናባር የእሳት እራት

ሲናባር የእሳት እራት (ሳይንሳዊ ስም፦ ቲሪያ ያኮቤኤ) በአውሮፓና በእስያ የሚገኝ፣ በቀን የሚበር ደማቅ ቀለም ያለው የእሳት እራት ዝርያ ነው። ዝርያውን በ1758 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገለጸው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነበር። «ሲናባር» ቀድሞ ቀይ ቀለም ይሠራበት የነበረ የሜርኩሪ ማዕድን ስም ነው።

መልክ

ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ32 እስከ 42 ሚሊሜትር ይሆናሉ። የፊት ክንፎቹ ወደ ጥቁር ያደላ ግራጫ ሲሆኑ ቀይ መስመርና ሁለት ሁለት ቀይ ነጠብጣቦች አሏቸው፤ የኋላ ክንፎቹ ቀይ ናቸው። ብዙ ሰው ቢራቢሮ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የአንቴናው ጫፍ እንደ ቢራቢሮ አንቴና ያበጠ አይደለም።

ዕድገት

እንስቷ እንቁላሏን በብዛት የምትጥለው ራግዎርት በሚባል፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር በአንድ ቤተሰብ በሚመደብ ባለ ቢጫ አበባ አረም ቅጠል ሥር ነው። አባጨጓሬዎቹ ሲያድጉ ቢጫና ጥቁር ቀለበት ይኖራቸዋል። በቡድን እየበሉ ተክሉን እስከ ግንዱ ሊያራቁቱት ይችላሉ። ምግብ ካጡ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ካደጉ በኋላ መሬት ውስጥ ገብተው ፑፓ ይሆናሉ፤ የብርዱን ወራት እዚያው አሳልፈው ከግንቦት ጀምሮ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ።

መርዝና ቀለም

ራግዎርት ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ መርዝ አለው። ፈረስና ከብት ተክሉን በብዛት ከበሉ ጉበታቸው ተጎድቶ ሊሞቱ ይችላሉ። አባጨጓሬው ግን መርዙን ሳይጎዳው በሰውነቱ ያከማቻል፤ ክንፍ ካወጣም በኋላ መርዙ አብሮት ይቆያል። ደማቅ ቀለሙም ለጠላት ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንድ ጊዜ የቀመሰችው ወፍ ምሬቱን አስታውሳ ሌላ ጊዜ ትሸሸዋለች። ኩኩ የተባለችው ወፍ ግን አባጨጓሬዎቹን ትበላለች።

አረምን ለመቆጣጠር

ራግዎርት ከአውሮፓ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቶ የግጦሽ መሬት ስለወረረ፣ ይህ የእሳት እራት አረሙን እንዲያጠፋ ሆን ተብሎ ተወሰደ። ወደ ኒው ዚላንድ በ1929፣ ወደ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1959 እ.ኤ.አ. ገባ። ሆኖም ቅጠሉና አበባው የተበላው ተክል ከሥሩ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል፣ ብቻውን ብዙ ጊዜ አልበቃም። በኦሬገን አረሙ በእጅጉ የቀነሰው ሥሩን የሚበላ ትንሽ ጥንዚዛ ከተጨመረ በኋላ ነው። በዚያው ግዛት አባጨጓሬው የአገሩን ተወላጅ የሆነ የራግዎርት ዘመድ ተክልም ሲበላ ተገኝቷል። በዚህ ምክንያት ነፍሳትን ለአረም ቁጥጥር ወደ አዲስ አገር ከማስገባት በፊት ሌላ ምን ሊበሉ እንደሚችሉ መመርመር እንደሚያስፈልግ ለማሳየት በምሳሌነት ይጠቀሳል።