የቃል ኪዳን እኅቶች በቻይና አገር

እኅትነት በሁለት መንገድ ይገኛል፤ አንዱ ከአንድ ማኅፀን በመወለድ ሲሆን ሁለተኛው በፍቅርና በቃል ኪዳን ነው። የሩትንና የኑኃሚንን ታሪክ ሲሰማ ላደገ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ይህ ሁለተኛው እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርበው የወደድነው ግን ከሩቅ ምሥራቅ፥ ከቻይና አገር የተገኘ ነው። በዚያ አገር አንዳንድ ሴቶች ወዳጅነታቸውን እንደ ጋብቻ ባለ ሥርዐት ያጸኑት፥ በጽሑፍም ያስመሰክሩት ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኮንፉሺየስ ትምህርት በጸናው በቀድሞው የቻይና ሥርዐት ሴት ልጅ ሦስት መታዘዝ ነበረባት፤ በልጅነቷ ለአባቷ፥ በትዳሯ ለባሏ፥ ባሏ ሲሞት ለወንድ ልጇ። ስትዳርም ወደማታውቀው መንደር፥ ወደማታውቃት አማት ቤት ትገባለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሯ በጨርቅ እየታሰረ እንዲያንስ ይደረግ ስለ ነበር፥ ሲከፋት ተነሥታ ወደ እናቷ ደጅ ለመሄድ እንኳ ጉልበት አልነበራትም። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት የልቧን ለማን ታዋየው?

በሁናን ክፍለ ሀገር ደቡብ፥ በተራሮች መካከል በሚገኘው በጂያንግዮንግ ወረዳ የሚኖሩ ሴቶች ለዚህ መላ አበጁለት። ልጃገረዶቹ በሰገነት ላይ ተሰብስበው ሲፈትሉና ሲጠልፉ ይውሉ ነበርና፥ ከዚያ መካከል የሚዋደዱት ተማምለው የቃል ኪዳን እኅቶች ይሆናሉ። አንዳንዶቹ እስከ ሰባት ሆነው ይማማላሉ። ሁለት ብቻ ሲሆኑ፥ በተለይም በዕድሜ የተካከሉ እንደ ሆነ፥ ላኦቶንግ ይባላሉ፤ «የጥንት እኩያ» እንደ ማለት ነው። ጋብቻ ቢያራርቃቸውም ቃሉ እስከ ሞት እንዲጸና ይታሰብ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጽሕፈታቸው ነው። የቻይናን ፊደል መማር ለወንዶች ብቻ የተተወ ስለ ነበር፥ የጂያንግዮንግ ሴቶች ኑሹ የተባለ፥ ትርጓሜውም «የሴት ጽሕፈት» የሆነ የራሳቸው ፊደል ነበራቸው። ቅርጹ ቀጭንና ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ዋናው የቻይና ጽሕፈት ለእያንዳንዱ ቃል ምልክት ሲያቆም፥ የሴቶቹ ግን የመንደሩን ቋንቋ ድምፅ ይከተላል፤ እንደ እኛ ፊደልም አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይሰጣል። እናት ለልጇ፥ አክስት ለእኅቷ ልጅ እያስተማረች ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላለፉት። የሚጽፉትም በተሾለ ቀርከሃና በጥላሸት ቀለም፥ በወረቀትና በማራገቢያ ላይ ነበር፤ በጨርቅም ላይ ይጠልፉት ነበር።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ጽሕፈት ከወንዶች የተሸሸገ ምሥጢር አድርገው ያወሩለታል። እኛ ግን ነገሩ የተጋነነ ይመስለናል። ግጥሞቹ በዜማ ይባሉ ነበርና ወንዶቹም ይሰሟቸው ነበር፤ ለማንበብ ግድ አልነበራቸውም እንጂ ማንም አልከለከላቸውም። በእኛ አስተያየት ከምሥጢርነቱ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ችላ መባሉ ነው።

አንዲቱ እኅት ስትዳር ጓደኞቿ በጨርቅ የተለበጠ ትንሽ መጽሐፍ ያዘጋጁላታል። ይህም ከሠርጉ በኋላ በሦስተኛው ቀን ወደ ሙሽራው ቤት ስለሚላክ «የሦስተኛው ቀን መጽሐፍ» ተባለ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የመለየታቸውን ኀዘንና መልካም ምኞታቸውን ይጽፉበታል። የቀሩትን ገጾች ግን ባዶ ይተዉላታል፤ ሙሽራይቱ የራሷን እንድትጽፍበት፥ የጥልፍ ክርና ንድፍም እንድታኖርበት ነው። የባሏ ቤተ ዘመዶች የሙሽራይቱን አስተዳደግና የወዳጆቿን ብዛት ከዚህ መጽሐፍ ይገምቱ ነበር ይባላል። በዚያ አገር ልማድ ሙሽራይቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ እንደ እኛ መልስ ለአጭር ጊዜ ሳይሆን እስክትፀንስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜዋን በዚያው ትኖር ነበር። ስለዚህ ጓደኞቿን በአንድ ቀን አታጣቸውም፤ ልጅ ሲመጣ ግን መለያየቱ ቁርጥ ይሆናል።

እነዚህ ሴቶች ጸሎታቸውን በማራገቢያ ላይ እየጻፉ ለመንደሩ ጣዖት ያቀርቡ እንደ ነበር ይነገራል። ይህን ክርስቲያን ሊቀበለው አይችልም፤ ሆኖም ልመናው ራሱ የልጅ፥ የጤናና የሰላም ልመና መሆኑን ስንሰማ የእናቶቻችን ስእለት ትዝ ይለናል።

ከጥንት የተረፈው ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ሴቲቱ ስትሞት መጽሐፏ አብሯት ይቀበር ወይም ይቃጠል ነበርና። በ1950 የወጣው የጋብቻ ሕግ ያለ ፈቃድ መዳርን ሻረ፤ ልጃገረዶችም ትምህርት ቤት ገቡ፤ ስለዚህ የሴቶቹ ጽሕፈት ፈላጊ አጣ። ይህ የሚያስመሰግን ለውጥ ነው፤ ነገር ግን በ1966 የተጀመረው የባህል አብዮት ብዙዎቹን ጽሑፎች በእሳት አጠፋ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጎንግ ዠቢንግ የተባለው ምሁር ነገሩን ባስታወቀ ጊዜ ጽሕፈቱን የሚያውቁት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ፥ የሰባት ቃል ኪዳን እኅቶች ታላቅ የነበረችው ጋኦ ዪንሺየን፥ በ1990 ዐረፈች። በዚሁ ጽሕፈት ካደጉት የመጨረሻዋ ናት የምትባለው ያንግ ኋንዪም በ2004 በዘጠና ዓመታት ዕድሜ ውስጥ ሳለች ሞተች። መንግሥት ጽሕፈቱን በ2006 በብሔራዊ ቅርስነት መዘገበው፤ በ2017ም 396 ምልክቶቹ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ ገቡ። ዛሬ ለአገር ጎብኚ ይታያል፤ ይሸጣልም።

በጓንግዶንግ፥ በሹንደ አካባቢ ደግሞ ሌላ ዐይነት እኅትማማችነት ነበር። በሐር ፋብሪካ ሠርተው የራሳቸውን ገንዘብ የሚያገኙ ሴቶች በምስክር ፊት ጠጉራቸውን እንደ ባለትዳር ወደ ላይ ጠቅልለው ባል ላለማግባት ይምላሉ። ይህ ምንኩስና አይደለም፤ ግን አንዷ ብትታመም ሌላዪቱ ታስታምማታለች፥ ብትሞትም ትቀብራታለች። የሐር ገበያ በ1930ዎቹ በወደቀ ጊዜ ብዙዎቹ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደው የሰው ቤት ሠራተኞች ሆኑ። ቤይሩትና ዐረብ አገር እኅት ወይም ልጅ ያላት አንባቢ ይህን ታሪክ እኛ ሳናብራራላት ታውቀዋለች። እነዚያ ሴቶች ከደመወዛቸው አዋጥተው በትውልድ አገራቸው የእርጅና ቤት አሠሩ፤ ቢንግዩታንግ የተባለው ቤት ዛሬም ቆሞ ይታያል።

የዛሬዪቱ ቻይናዊት መሐላም ሆነ ልዩ ፊደል የላትም። ነገር ግን የአንድ ልጅ ሕግ ከ1980 አካባቢ እስከ 2015 ስለ ጸና፥ ያለ ወንድምና ያለ እኅት ያደገች ሴት እጅግ ብዙ ናት። ለእርሷ ጉይሚ የሚሏት የቅርብ ጓደኛ በእኅት ፈንታ የቆመች ናት። በ2019 ለሃያ ዓመት ያህል የተዋደዱ ሰባት ሴቶች ከጓንጆው ከተማ ውጭ ባለች መንደር አንድ ቤት አድሰው፥ ሲያረጁ አብረው ሊኖሩበት መዘጋጀታቸው በብዙ አገር ጋዜጦች ተነገረ። እንዳይጣሉም እያንዳንዳቸው አንድ ሙያ እንዲይዙ ተስማምተዋል፤ አንዷ ወጥ ቤቱን፥ አንዷ መድኃኒቱን፥ ሌላዪቱም የአትክልቱን ቦታ።