ቀንዳሙ ትል ከየት መጣ?

የስኳር ድንች ማሳችሁ ቅጠሉ አልቆ፣ ሐረጉ ራቁቱን ቀርቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በላተኛውን እንወቀው።

ማታ ማታ መብራት ላይ የሚመጣ ትልቅ የእሳት እራት አለ። ክንፉ አመድማ ነው። ሆዱ ግራና ቀኙ ሮዝና ጥቁር መስመር አለው። ሴቷ ቅጠል ላይ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ከ5 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ትል ይፈለፈላል። ትሉ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፤ ጅራቱ ላይ ቀንድ አለው። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቅጠል ሲበላ ሰንብቶ ከጣት ይወፍራል። ከዚያ አፈር ውስጥ ይገባል። ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ከ2 ሳምንት በላይ ቆይቶ ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

ይህን ስናስተምር አንዲት እናት፣ «እኔ ትሉ ሌላ፣ የማታው በራሪ ሌላ ይመስለኝ ነበር» አሉን። አንድ ናቸው!

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቀንዱ አይናደፍም፤ ትሉን ገና ትንሽ ሳለ በእጅ እንልቀመው። ድንቹን ከቆፈርን በኋላ ማሳውን እንረስ። የተኛው ይወጣል፤ ዶሮና ወፍ ይለቅመዋል። ሐረጉ ከዳነ ለከርሞ የምንተክለው አናጣም።